የሰው ጂን የባክቴሪያ ጂን አይደለም፦ ጂን ቁጥጥር ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ባዮሎጂ ሳስጠና ጂን ቁጥጥር (የትኛው ጂን መቼ እንደሚነበብ) ላይ የማያቸው ስህተቶች ተማሪው ቢቀያየርም አይቀየሩም። አብዛኞቹ የሚመነጩት ባክቴሪያ ላይ የተማሩትን ወደ ሰው ሴል እንዳለ ከመገልበጥ ነው።

«የቆዳ ሴል የኢንሱሊን ጂን የለውም።» አለው እንጂ! ከቆሽት ቤታ ሴል የሚለየው ጂኑን ስለማያነበው ነው። ጂን የለውም ማለት የምትችሉት ስለ በሰለ ቀይ የደም ሴል ነው፤ እሱ ኒውክለሱን ራሱ አውጥቶ ጥሏል።

ስለ ሰው ሴል ተጠይቆ ላክ ኦፔሮንን (በአንድ መቆጣጠሪያ አብረው የሚታዘዙ የላክቶስ ጂኖችን) ጽፎ የሚወጣ ደግሞ ሞልቷል። ፈረንሳውያኑ ሳይንቲስቶች ዣኮብና ሞኖ እ.ኤ.አ. በ1961 ያብራሩት ኦፔሮን የባክቴሪያ ነው። እዚያ ላክቶስ (የወተት ስኳር) ሲመጣ ጂኖቹ ይከፈታሉ፣ ሲያልቅ ይዘጋሉ። የእኛ የላክቴዝ (ላክቶስን የሚፈጭ ኢንዛይም) ጂን እንዲህ አይታዘዝም። ወተት ስለጠጣችሁ አይከፈትም፣ ስለተዋችሁትም አይዘጋም። በብዙ ሰው ጡት ከጣለ በኋላ ሥራው በራሱ ጊዜ እየቀነሰ ይሄዳል። «ወተት ሆዴን ይነፋኛል» የሚለውን ሰው «ልመደው» ብትሉት ጂኑን አትከፍቱለትም።

ታዲያ አድገውም ወተት የሚስማማቸው ሰዎች ምን ኖሯቸው ነው? እዚህ ላይ ሦስተኛው ስህተት ይመጣል፤ «መቆጣጠሪያው ከጂኑ አጠገብ ነው» የሚለው። ፕሮሞተሩ (የጂኑ ንባብ የሚነሳበት ቦታ) አዎ፣ አጠገብ ነው። ንባቡን የሚያበረታው ኢንሃንሰር ግን ከላክቴዝ ጂን መነሻ 14,000 የዲኤንኤ ፊደል ያህል ርቆ፣ ጭራሽ ኤምሲኤም6 የሚባል ጎረቤት ጂን ውስጥ ተቀምጧል። የሰው ቤት ውስጥ ሆኖ የራሱን ሥራ ያዛል ማለት ነው። ዲኤንኤው ሲታጠፍ ሩቁ ቅርብ ይሆናል። ብዙ አውሮፓውያን ጋ ከጂኑ መነሻ ወደ ኋላ 13,910ኛው ቦታ ላይ ሲ ወደ ቲ ተቀይሯል። በቃ፣ አንድ ፊደል! ጂኑ እስከ እርጅና ክፍት ሆኖ ይቀራል። ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ በዚያው አካባቢ አንድ ሳይሆን የተለያዩ ለውጦች ተገኝተዋል። የላክቴዝ ፕሮቲን አሠራር የተጻፈበት ክፍል ግን በእነዚህ ለውጦች አልተነካም። እኔ ይህን ምሳሌ ሳላነሳ ኢንሃንሰር አላስተምርም።

«ሜቲል ካለ ጂኑ ዝግ ነው» የሚለውን በአጭሩ ልለፈው። ሜቲል የሚለጠፍ ትንሽ ኬሚካላዊ ምልክት ነው። ፕሮሞተር ዲኤንኤ ላይ ከሆነ ብዙ ጊዜ ልክ ነው። ዲኤንኤው የሚጠቀለልበት ፕሮቲን፣ ሂስቶን፣ ላይ ግን ቦታው ይወስናል። ሂስቶን 3 ላይ በ4ኛ ቦታ ያለው ላይሲን (አሚኖ አሲድ) ሦስት ሜቲል ከያዘ ጂኑ አብዛኛውን ጊዜ ንቁ ነው፤ በ27ኛ ቦታ ያለው ከያዘ ግን ዝም ያለ ነው።

የመጨረሻው ጎበዝ ተማሪዎችንም ይጥላል፤ «ኤምአርኤንኤ (ከጂኑ የተገለበጠው መልእክት) ካለ ፕሮቲኑም አለ» የሚለው። ፌሪቲንን ውሰዱ። ሴል ውስጥ ብረት የሚጠራቀምበት ጎተራ ነው። ብረት ሲያንስ ጎተራ ምን ያደርጋል? ስለዚህ አንድ ፕሮቲን የፌሪቲን ኤምአርኤንኤ መነሻ ላይ ተጣብቆ ትርጉሙ (መልእክቱን ወደ ፕሮቲን መቀየሩ) እንዳይጀመር ያግዳል። መልእክቱ ተጽፎ አልቋል፣ ግን የሚያነበው የለም። ብረት ሲበዛ ያ ፕሮቲን ይለቃል፤ ፕሮቲን ሠሪው ራይቦዞምም አዲስ ኤምአርኤንኤ ሳይጠብቅ ባለው ላይ ሥራ ይጀምራል። ፈተና ላይ የኤምአርኤንኤ መጠን ብቻ የሚያሳይ ግራፍ ከመጣላችሁ፣ ስለ ፕሮቲኑ መጠን ለመፍረድ አትቸኩሉ።