በጣና ላይ በጀልባ ለሚያሳልፉት ቀን ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከባሕር ዳር ተነሥቶ የጣናን ደሴቶችና የዘጌን ገዳማት በአንድ ቀን ማየት ለእንግዳውም ለአገሬውም ቀላል ጉዞ ይመስላል፤ ሐይቁ ከከተማው ደጅ ነው፣ ጀልባውም ዳር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ቀላል መምሰሉ ግን ሰውን ያዘናጋል። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍን፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የሚገኝ ውኃ ሲሆን ነፋሱም፣ ፀሐዩም፣ የገዳማቱ ሥርዓትም የየራሳቸው ሰዓት አላቸው። ቀኑ የሚበላሽባቸው ሰዎች በአብዛኛው ይህን ሰዓት ሳይጠይቁ፣ ሌላ ቦታ ያወጡትን ዕቅድ ይዘው የሚመጡ ናቸው።

አርፍዶ መነሣት

ከሁሉ በላይ የተለመደው ስህተት ይህ ነው። ቁርሱን በሆቴሉ ግቢ ተዝናንቶ በልቶ፣ ቡናውን እስከ ሦስተኛው ጠጥቶ፣ 4 ሰዓት ላይ ወደ ጀልባው የሚወርድ ተጓዥ የሐይቁን መልካም ሰዓት አሳልፎታል። ጠዋት ውኃው ብዙውን ጊዜ ጸጥ ያለ ነው፤ ቀኑ በገፋ ቁጥር ግን ፀሐይ የብሱን ከውኃው ይልቅ ቶሎ ስለምታሞቀው አየሩ ከሐይቁ ወደ ዳርቻው መንፈስ ይጀምራል፣ ከቀትር በኋላም ይበረታል። ጣና ሰፊ ቢሆንም ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ ወደ 14 ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ባለ ውኃ ላይ የሚነሣው ማዕበል አጫጭርና ተከታታይ ስለሚሆን ትንሿን ጀልባ ፋታ ሳይሰጥ ይመታታል፣ በጎን በኩል የተቀመጠውንም ሰው ከራስ እስከ እግር ያረጥበዋል። በክረምት ደግሞ ከሰዓት በኋላ መብረቅ ያዘለ ዝናብ ድንገት ይወርዳል። ስለዚህ 1 ሰዓት ላይ ተነሥቶ እስከ 7 ወይም 8 ሰዓት ድረስ ለመመለስ ማቀድ ይበጃል። ባለጀልባው «ዛሬ ነፋስ ስላለ ወደ ደቅ ደሴት አንሄድም» ካለ ተጨማሪ ገንዘብ አቅርቦ ለማግባባት መሞከር አይገባም፤ ሐይቁን ከተጓዡ ይልቅ እሱ ያውቀዋል።

በማለዳ መነሣት ሌላም ጥቅም አለው። በጾም ወቅት ቅዳሴ የሚቀደሰው ከቀትር በኋላ ስለሆነ ያን ሰዓት የሚደርስ ጎብኚ ቤተ ክርስቲያኑን እየተዘዋወረ ማየት አይችልም። እሑድና በበዓላት ቀን ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ቅዳሴው ማለዳ ነው፣ ማስቀደስ የፈለገ ያስቀድሳል፣ ለጉብኝት ብቻ የመጣ ግን ሕዝቡ እስኪሰናበት በዛፍ ጥላ ሥር መቆየት አለበት። የትኛው ወቅት እንደሆነ ቆጥሮ መሄድ ከማንኛውም ኦርቶዶክሳዊ ጎረቤት በአንድ ጥያቄ የሚገኝ መረጃ ነው።

አምስት ደሴት ለማየት መጣደፍ

በካርታ ላይ ሁሉም ቅርብ ነው። በውኃ ላይ ግን ደብረ ማርያም የጥቂት ደቂቃ፣ ክብራንና እንጦስ የግማሽ ሰዓት ገደማ፣ ዘጌ አንድ ሰዓት ያህል የሚወስዱ ሲሆኑ፣ ደቅና ዳጋ ለመድረስ በተራ የሞተር ጀልባ ሁለት ሰዓት ተኩልና ከዚያም በላይ ያስፈልጋል፤ ያውም መሄጃው ብቻ። እነዚህን ሁሉ በአንድ ቀን እጨርሳለሁ የሚል ሰው ቀኑን የሞተር ድምፅ ሲሰማ ይውላል፣ ከየደሴቱም የሚተርፈው አንዳንድ ፎቶግራፍ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው ከዘጌ አንድ ወይም ሁለት ቤተ ክርስቲያን አይቶ፣ ሲመለስ በእንጦስ በኩል አልፎ፣ ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበትን ቦታ ተመልክቶ ቢገባ በእኔ ግምት ሙሉ ቀን ነው። ደቅና ዳጋ የራሳቸው ቀን ይገባቸዋል። በደቅ ደሴት እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ አለች፤ በዳጋ እስጢፋኖስ ደግሞ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብን፣ ዐፄ ሱስንዮስንና ዐፄ ፋሲልን ጨምሮ የነገሥታት ዐፅም ያርፋል። ይህን በችኮላ ለማየት ሦስት ሰዓት ያህል በውኃ ላይ መሄድ ትርጉም የለውም።

ሴቶች የማይገቡባቸውን ገዳማት አለመጠየቅ

ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ የወንዶች ገዳማት ናቸው፤ ሴት አትገባባቸውም። ይህን ሳያጣራ ቤተሰቡን ሰብስቦ የሚሄድ አባወራ እናቱን፣ ሚስቱንና ሴት ልጆቹን ጀልባ ላይ ትቶ ከወንዶች ልጆቹ ጋር ሽቅብ ሲወጣ ማየት የተለመደ ነው። ነገሩ በጥቂት ማሰብ ይስተካከላል። እንጦስ የሴቶች ገዳም ያለባት ደሴት ስትሆን ከክብራን አጠገብ ስለሆነች፣ ወንዶቹ ክብራን ሲወርዱ ጀልባው ሴቶቹን እንጦስ አድርሶ ሊመለስ ይችላል፤ ይህን ግን ዋጋ ሲነጋገሩ አስቀድሞ ለባለጀልባው መንገር ያሻል። የዘጌዎቹ ዑራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም፣ እንዲሁም ናርጋ ሥላሴ ለሁሉም ክፍት ናቸው። ሴት አያቶች ያሉበት ቤተሰብ ጉዞውን ከእነዚህ ቢጀምር ቅሬታ አይኖርም።

በቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደ ሙዚየም መመላለስ

ዑራ ኪዳነ ምሕረት በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደተመሠረተች ይነገራል። ከወደቡ የሚወስደው መንገድ በቡና ዛፎች መካከል የሚያልፍ፣ ድንጋይ የበዛበት ሽቅብ ነው፤ ስለዚህ ነጠላ ጫማ ለመንገዱ አይመችም፣ ብዙ ማሰሪያ ያለው ቡትስ ደግሞ በየደጁ ለማውለቅና ለመልበስ ያስቸግራል። ክብ በሆነው ቤተ ክርስቲያን ከቅኔ ማኅሌቱ አልፎ ወደ ቅድስቱ ሲገባ የመቅደሱ ግድግዳ ከታች እስከ ላይ በሥዕል ተሸፍኖ ይታያል። በየበሩ ግራና ቀኝ ያሉት ሥዕሎች መጋረጃ አላቸው፤ ቄሱ በዘንግ ገለጥ አድርገው የጊዮርጊስን ፈረስ ወይም የበላዔ ሰብእን ታሪክ ያሳዩና መልሰው ይጥሉታል። መጋረጃው ጌጥ ሳይሆን ሥዕሉን ከብርሃንና ከአቧራ የሚጠብቅ ነው። ሥዕሉ የተሣለው በጭቃ ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ሸማ በመሆኑ የእጅ ላብም ሆነ ግድግዳው ላይ የሚደገፍ ትከሻ ይጎዳዋል። ቄሱ እስኪገልጡት መጠበቅ፣ የካሜራውን ፍላሽ ማጥፋትና በጣት ከመንካት መቆጠብ የጎብኚው ድርሻ ነው። ሴቶች ነጠላ ቢይዙ፣ ወንዶችም ቁምጣ ባይለብሱ ይመረጣል፤ በበጋ ሙቀት ቁምጣ ለጀልባ ቢመችም ረጅም ሱሪ ቦርሳ ውስጥ አይከብድም።

የመግቢያ ክፍያ በየቤተ ክርስቲያኑ ለየብቻ ስለሚጠየቅ ዘርዘር ያለ ጥሬ ገንዘብ መያዝ ይጠቅማል። አንድ ባለ 200 ብር ኖት ይዘው ደሴት ላይ መልስ የሚጠብቁ ሰዎች ራሳቸውንም አባቶችንም ያስቸግራሉ።

ጣናን እንደ ባሕር ቆጥሮ ውኃው ውስጥ መግባት

በዛንዚባር ወይም በቀይ ባሕር መነጽር አጥልቆ፣ የመተንፈሻ ቱቦ ነክሶ፣ ፊትን ወደ ታች አድርጎ ኮራሉንና ባለቀለሙን ዓሣ እያዩ መንሳፈፍ የታወቀ መዝናኛ ነው። ይህን ያየ ወይም በስልኩ ላይ የተመለከተ ወጣት ያንኑ ዕቃ ገዝቶ ጣና ላይ ለመሞከር ሲዘጋጅ ይታያል። ሁለት ምክንያቶች ይህን ከንቱ ያደርጉታል፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው እጅግ ይከፋል።

የመጀመሪያው ውኃው የማያሳይ መሆኑ ነው። ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ በየክረምቱ ከእርሻው የታጠበውን አፈር ተሸክመው ወደ ሐይቁ ይገባሉ፤ ጥልቀቱ አነስተኛ በመሆኑም ነፋሱ የሥሩን ደለል ያማስለዋል። በውኃው ውስጥ ዓይን የሚደርሰው በአብዛኛው ከአንድ ሜትር አይበልጥም። ዓሣ ማየት የፈለገ ሰው መነጽሩን ትቶ ጠዋት አሥጋሪዎች መረባቸውን የሚያራግፉበት ዳርቻ ቢሄድ ይሻለዋል፤ ቆሮሶውን፣ ጢማሙን አምባዛና ነጭ ዓሣውን ከነቅርፊቱ ያያል። ከነጭ ዓሣው ወገን ከ10 በላይ የሚሆኑ ዝርያዎች ከጣና ተፋሰስ ውጭ በዓለም ላይ እንደማይገኙ ሲያውቅ ደግሞ የሚያየው ነገር ይበልጥ ይከብርበታል።

ሁለተኛው ቢልሃርዚያ ነው። የተውሳኩ እንቁላል በበሽታው ከተያዘ ሰው ሰገራ ጋር ወደ ውኃ ይገባል፤ ከተፈለፈለ በኋላ በቀንድ አውጣ ውስጥ ይራባል፤ ከቀንድ አውጣው የሚወጣው በዓይን የማይታይ እጭ ደግሞ የሰውን ቆዳ በስቶ ይገባል። ለመዋኘትም ሆነ ለመጥለቅ አያስፈልግም፤ እግርን ነክሮ ጥቂት ደቂቃ መቆም ይበቃዋል። ቀንድ አውጣው የሚወደው ጥልቀት የሌለው፣ ሣርና ደንገል የበዛበት ዳርቻ ሲሆን፣ እሱም ልጆች መንቦጫረቅ የሚወዱበት ቦታ ነው። «የአገሬው ልጆች ይዋኙበት የለም ወይ» የሚለው ክርክር ምንም አያረጋግጥም፤ የአገሬው ልጆች የሚታመሙትም በዚሁ ምክንያት ነው። ሳይታሰብ ውኃ የነካው ሰው ቶሎ በፎጣ መጥረጉ ባይከፋም ዋስትና አይሆንም። ምልክት ባይታይም ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይቶ ጤና ተቋም ሄዶ መመርመር ይገባል፤ ቀድሞ የሚደረግ ምርመራ ተውሳኩ ገና እንቁላል መጣል ስላልጀመረ በሽታውን ሳያሳይ ሊቀር ይችላል። ሕክምናው ፕራዚኳንቴል የተባለ መድኃኒት ሲሆን መጠኑ በክብደት ስለሚወሰን ከጎረቤት ተቀብሎ መዋጥ አይመከርም። መዋኘት በጣም የናፈቀው ሰው በከተማው አንዳንድ ሆቴሎች የመዋኛ ገንዳ ያገኛል።

ላይፍ ጃኬቱን መቀመጫ ማድረግ

ጀልባው ላይ ላይፍ ጃኬት መኖሩ ብቻ አያድንም። ብዙ ሰው የእንጨቱ መቀመጫ እንዳይቆረቁረው ሥሩ ያነጥፈዋል፣ ወይም «ሙቀት ነው» ብሎ አጠገቡ ያስቀምጠዋል። ውኃ ውስጥ ከወደቁ በኋላ ለመልበስ መሞከር፣ በተለይ ዋና ለማያውቅ ሰው፣ የማይሆን ነገር ነው። ከመነሣት በፊት ማሰሪያው መሥራቱን፣ ለልጆችም በልካቸው መኖሩን ማየት ያስፈልጋል፤ የአዋቂ ጃኬት የለበሰ ሕፃን ውኃ ውስጥ ቢገባ ጃኬቱ በራሱ ላይ ሾልኮ ይወጣል። በልካቸው የሌለው ጀልባ ቢቀየር ማንም አይቀየምም። የደንገል ታንኳም ላይ ፎቶ ለመነሣት የሚወጡ አሉ፤ ታንኳ ለለመደው ሰው አስተማማኝ ቢሆንም ላልለመደው በቀላሉ ይገለበጣል።

ወደ ጉማሬ እንዲጠጉ ባለጀልባውን መገፋፋት

በደብረ ማርያም አጠገብ፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬዎች ይታያሉ። ባለጀልባው ሞተሩን ቀንሶ ሲጠብቅ በመጀመሪያ ሁለት ጆሮና የአፍንጫ ቀዳዳዎች ብቻ ብቅ ይላሉ፣ ትንፋሹ ውኃውን እፍ ይለዋል፣ ከዚያ መልሶ ይሰምጣል። በዚህ ጊዜ «ትንሽ ጠጋ በልልን» የሚለው ልመና ይመጣል። ጉማሬ አምስት ደቂቃ ያህል ሳይተነፍስ ከውኃ በታች መቆየት ስለሚችል የተሰወረው እንስሳ በየት በኩል እንደሚነሣ ማንም አያውቅም፤ ግልገል ያላት እናት ወይም ወደ ጥልቁ ውኃ የሚወስደው መንገድ የተዘጋበት ጉማሬ ጀልባ ለመገልበጥ ወደኋላ አይልም። ርቆ በአቅርቢ መነጽር ማየት ለሁሉም ይበጃል። ጀንበር ስትጠልቅ ጉማሬ ለግጦሽ ወደ የብስ ስለሚወጣ በዚያ ዳርቻ አምሽቶ በእግር መንሸራሸርም መልካም አይደለም።

ስለ ፀሐይ ጥቂት ቃል ይበቃል። በውኃ ላይ ያለው ንፋስ ቀዝቀዝ ስለሚል ሰው መቃጠሉን የሚያውቀው ማታ ነው፤ ከፍታው ጨረሩን ያበረታዋል፣ ውኃውም ያንጸባርቀዋል። ባርኔጣ፣ እጀ ረጅም ልብስና የሚጠጣ ውኃ በበቂ መያዝ፣ የተጠጣበትን የፕላስቲክ ጠርሙስም ወደ ከተማ ይዞ መመለስ ያስፈልጋል። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ የተመዘገበ ሐይቅ ነው፤ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻው ላይ የተንሰራፋው እምቦጭ ያደረሰበት ጉዳት ሳያንስ ጠርሙስ ሊጨመርበት አይገባም።

ሳይነጋገሩ መሳፈር

ዋጋው ለጀልባው በሙሉ ነው ወይስ በሰው? ስንት ቦታ ይቆማል? በየቦታውስ ምን ያህል ይጠብቃል? አስጎብኚው በዋጋው ውስጥ ነው ወይስ ለብቻው ይከፈላል? የገዳማቱ መግቢያ በአብዛኛው ከጀልባው ዋጋ ውጭ ነው። እነዚህ ከመሳፈር በፊት የሚጠየቁ እንጂ በሐይቁ መካከል የሚከፈቱ ክርክሮች አይደሉም። በማኅበር ከተደራጁ ባለጀልባዎች ጋር መነጋገር በመንገድ ላይ ከሚገኝ ደላላ ጋር ከመነጋገር የተሻለ ነው፤ ሙሉውን ገንዘብ አስቀድሞ ከመስጠትም ከፊሉን ለመመለሻው ማቆየት ይሻላል። በዚያው ንግግር ላይ በዚያ ሰሞን ጀልባ እስከ የት ድረስ እንደሚሄድና የጸጥታው ሁኔታ እንዴት እንደሆነ መጠየቅ አይዘነጋም፤ የሩቆቹ ደሴቶች ጉዞ በዚህ ምክንያት ሊቀር ይችላል።

በመጨረሻም፣ ከጀልባ እንደወረዱ በዚያው ከሰዓት በኋላ ጢስ ዓባይን ለማየት የሚሮጡ አሉ። ፏፏቴው ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፣ ከመኪና ከወረዱ በኋላም የእግር መንገድ አለው። ውኃው በከፊል ለኃይል ማመንጫ ስለሚውል በበጋ እየሳሳ ይሄዳል፤ ሞልቶ የሚታየው ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ነው። በዚያ ወቅት የመጣ ሰው ለፏፏቴው ሌላ ጠዋት ይመድብ፤ በመጋቢትና በሚያዝያ የመጣ ግን ከመሄዱ በፊት ውኃው መለቀቁን ቢጠይቅ የመኪናውን ኪራይ ያተርፋል።