የማሽን ፎቶ ሲያነሱና ሲያቀናብሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጅማ ወይም ደሴ ያለ ገዢ መርካቶ የተደረደረውን የውሃ ፓምፕ መጀመሪያ የሚያየው ቴሌግራም ላይ ነው። አዲስ አበባ ድረስ የሚመጣው፣ አንዳንዴም ሳይመጣ ገንዘቡን የሚልከው ፎቶውን አይቶ ነው። ስለዚህ የማሽን ፎቶ ከማማሩ በፊት እውነቱን ማሳየት አለበት። ከመርካቶ እስከ ለገሃር ባሉ መደብሮች ለካታሎግ ሳነሳ ራሴ የሠራኋቸውን፣ በሌሎች ባለሙያዎች ሥራም ደጋግሜ ያየኋቸውን ስህተቶች ላካፍላችሁ።

መብራቱን ብረቱ ላይ መደገን

ትልቁ ስህተት ይህ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ ይቀላል። ጨርቅ ወይም እንጨት ያረፈበትን ብርሃን በየአቅጣጫው ይበትነዋል። የተወለወለ ስቴንለስና ክሮም ግን እንደ መስታወት ነው፤ ፎቶው ላይ የምናየው በብረቱ ገጽ ላይ የሚንጸባረቀውን አካባቢ ነው። ፍላሹን ፊት ለፊት ሲለቁበት አንድ ቦታ ነጭ ሆኖ ይቃጠላል፣ የቀረው ይጨልማል።

አንድ ጊዜ የስቴንለስ የወተት ማቀዝቀዣ ታንክ አነሳሁ። ቤት ገብቼ ሳየው ሆዱ ላይ እኔ ከነትሪፖዴ ቆሜአለሁ፤ የመደብሩ በር ይታያል፤ በበሩ በኩል ያለፈው ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ እንኳ አልቀረም። ሌሊቱን በፎቶሾፕ ስጠርግ አደርኩ፤ ሆኖም ሥራው ተመለሰብኝና እንደገና ሄጄ አነሳሁት።

መፍትሔው ርካሽ ነው። ከመርካቶ አቡጀዲ ይግዙና ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር በሆነ የእንጨት ፍሬም ላይ ይወጥሩት፤ መብራቱን ከጀርባው ያድርጉ። ብርሃን ብረት ላይ በገባበት ማዕዘን ልክ ነው የሚወጣው፤ ስለዚህ ካሜራው ያለበት ቦታ ሆነው ታንኩ ላይ ምን እንደሚንጸባረቅ ይመልከቱ፣ አቡጀዲውንም በዚያው ቦታ ያቁሙት። መብራቱን ከጨርቁ ራቅ ሲያደርጉት ብርሃኑ እኩል ይሰራጫል፤ ሲያስጠጉት መሃሉ ደምቆ ወደ ዳር ቀስ እያለ ይደበዝዛል። ድቡልቡል ለሆነ ነገር ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ሁሉንም በነጭ መክበብ ግን ሌላ ስህተት ነው፤ ብረቱ የኖራ ግድግዳ ይመስላል። በግራና በቀኝ ጥቁር ጨርቅ ሲሰቅሉ ዳርና ዳሩ ላይ ጥቁር መስመር ይወጣል፤ ክብነቱ የሚታየው ያኔ ነው። ፖላራይዘር (ሌንስ ላይ የሚገጠም ነጸብራቅ ቀናሽ ማጣሪያ) ይፈታዋል ብለው ገንዘብ የሚያወጡ አሉ። ፖላራይዘር ከመስታወትና ከቀለም ላይ ነጸብራቅ ይቀንሳል፤ ያልተቀባ ብረት ላይ ግን ብቻውን ብዙም አይረዳም።

የመደብሩን መብራት ሳያጠፉ ማንሳት

የጣሪያው ፍሎረሰንት ወደ አረንጓዴ ያደላል፤ በመስታወቱ የሚገባው የቀን ብርሃን ወደ ሰማያዊ። ብርቱካናማው ጄኔሬተር በአንድ ጎኑ ሌላ ቀለም ይሆናል፤ ኋይት ባላንስ (የካሜራው የቀለም ማስተካከያ) ደግሞ ሁለቱን በአንዴ ማስታረቅ አይችልም። አጥፍተው በራስዎ መብራት ያንሱ፣ የመጀመሪያው ፎቶ ላይም በኋላ ቀለሙን የሚያስተካክሉበት ግራጫ ካርድ ያስገቡ። ማጥፋት ካልተፈቀደልዎ የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ መሆኑን ያስታውሱ፤ አሮጌዎቹ ፍሎረሰንቶች በሴኮንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላሉ። ሹተሩን (ካሜራው ለብርሃን ክፍት የሚሆንበትን ጊዜ) 1/500 ሴኮንድ ላይ ካደረጉት ፎቶው ላይ የተለያየ ቀለም ያለው ሽንትር ይመጣል፤ 1/50 ወይም 1/100 ይህን ይቀንሳል። መብራት ሊጠፋም ስለሚችል በባትሪ የሚሠራ ፍላሽ ይያዙ።

ሳይወለውሉ ማንሳት

አቧራ፣ የጣት አሻራ፣ የግራሶ ጠብታ። የሩብ ሰዓት ጨርቅ የግማሽ ቀን ፎቶሾፕ ያድናል።

በሰፊ ሌንስ ተጠግቶ ማንሳት

መደብሩ ጠባብ ነው፣ ወደ ኋላ መሸሽ አይቻልም፤ ስለዚህ ብዙዎች በስልክ ሰፊ ሌንስ ይጠጋሉ። ለካሜራው የቀረበው ጎማ ይገዝፋል፣ የኋላው አካል ይሟሽሻል፤ ገዢው የማሽኑን መጠን በስህተት ይገምታል። ባለመደብሩን ለምነው ማሽኑን ወደ ደጅ ያስወጡትና ከ70 እስከ 100 ሚሊሜትር በሆነ ሌንስ ከሩቅ ያንሱ። ግን በማለዳ ይሁን። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ሰሜን ላይ ስለሆነች 6 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ አናት ላይ ትወጣለች፤ የማሽኑ ሆድ ይጨልማል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ገደማ፣ በሕንፃ ጥላ ውስጥ፣ መንገዱም ሳይጨናነቅ ጥሩ ነው።

ሁሉንም በአንድ ፎቶ ለመያዝ መሞከር

ማቀናበር የሚጀምረው ኮምፒውተር ፊት ከመቀመጣችን በፊት ነው። ለሞተሩ አካል የተመቸ ብርሃን ለኔምፕሌቱ (የማሽኑ መረጃ ለተጻፈበት ሳህን) አይመችም፤ ኔምፕሌት ላይ ከጎን ዝቅ ብሎ የሚገባ ብርሃን ነው የተቀረጹትን ፊደላት የሚያወጣቸው። የጌጁ (የመለኪያ ሰዓቱ) መስታወት ሌላ ይፈልጋል፣ ከፋኑ መከለያ ጀርባ ያለው ጨለማም ሌላ። ካሜራውን ትሪፖድ ላይ አጥብቀው ያስሩ፣ ፎከሱንና ኤክስፖዠሩን (የሚገባውን የብርሃን መጠን) በእጅ ይቆልፉ፤ ከዚያ መብራቱን ብቻ እያዘዋወሩ ስድስት ሰባት ፎቶ ያንሱ። የጭነት መኪና ሲያልፍ ወለሉ ስለሚንቀጠቀጥ ይጠብቁ፤ ቁልፉንም በእጅ ከመጫን የ2 ሴኮንድ ታይመር ይሻላል። ፎቶሾፕ ውስጥ በሌየር (አንዱን በአንዱ ላይ) ደርበው ከእያንዳንዱ የሚፈልጉትን ክፍል በማስክ (የቀረውን በሚሸፍን መሣሪያ) ያውጡ።

ሁሉም ክፍል ጥርት እንዲል ብለው የሌንሱን ቀዳዳ እስከ ኤፍ 22 ድረስ አያጥብቡት፤ ምስሉ ይለሰልሳል። ኤፍ 8 ወይም 11 ላይ ሆነው ፎከሱን እያንቀሳቀሱ የተነሱ ብዙ ፎቶዎችን ማዋሃድ ይሻላል። ከማሽኑ ጀርባ ነጭ ጨርቅ ይዘው አንድ ተጨማሪ ፎቶም ያንሱ፤ ቱቦና ገመዱን ቆርጦ ማውጣት ያቀልልዎታል።

አየር ላይ የሚንሳፈፍ ማሽን

ተቆርጦ ሌላ ጀርባ ላይ የተለጠፈ ማሽን አብዛኛውን ጊዜ የሚያስታውቀው በእግሩ ሥር ነው። እውነተኛ ጥላ ሁለት ነገር አለው፤ ብረቱ መሬት የነካበት ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር፣ ከዚያ ወዲያ እየሳሳ የሚሄድ ሰፊ ጥላ። በብሩሽ ከመሳል ነጭ ወረቀት ላይ የወደቀውን እውነተኛ ጥላ ማቆየትና በመልቲፕላይ ሌየር (ነጩን አጥፍቶ ጥቁሩን ብቻ በሚያስቀር) ማስቀመጥ የተሻለ ነው። ካሜራዎ አንድ ሜትር ከፍታ ላይ ከነበረ የጀርባው ፎቶም በዚያው ከፍታ የተነሳ ይሁን፤ ፀሐይዋም በአንድ ወገን ትሁን። ፓምፑን የመስኖ እርሻ ላይ ካስቀመጡት በኋላ ክሮሙ ላይ የመደብሩ መደርደሪያ ከታየ ዓይን ወዲያው ይጠራጠራል፤ ከእርሻው ቀለም ጥቂት ክሮሙ ላይ ያምጡ።

ከልክ በላይ ማስተካከል

አቧራን ማጥፋት ጽዳት ነው። ያገለገለ ማሽን ላይ ያለ ዝገትን፣ የብየዳ ጠባሳን ወይም የዘይት ፍሳሽን ማጥፋት ግን ማታለል ነው፤ ደንበኛ ቢጠይቀኝም አልሠራውም። የቺንጊያ መከለያውን ለውበት ብለው የሚያስወግዱትም አሉ፤ ገዢው መከለያ የሌለው ማሽን የመጣ ይመስለዋል።

ሲልኩ ደግሞ በፎቶ መልክ አይላኩት፤ ቴሌግራም ያሳንሰዋል። በፋይል ይላኩና ደሴ ያለው ሰው ስልኩ ላይ አጉልቶ የሞተሩን ኪሎዋት ከኔምፕሌቱ ማንበብ መቻሉን በራስዎ ስልክ ይሞክሩት።