በከተማ ጎርፍ ጊዜ የሰዎችን ሽሽት በኮምፒውተር አስመስሎ ማጥናት እንዴት ይቻላል?

በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መገባደጃ ላይ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ድሬዳዋን ሲመታ ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል። አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ሆኖ የሚከርመው ይህ ወንዝ የሚሞላው ከከተማዋ በስተደቡብ ባሉት ተራሮች በሚጥለው ዝናብ ስለሆነ፣ ነዋሪው በሰፈሩ ዝናብ ሳይጥል ጎርፍ ሊደርስበት ይችላል። በእንዲህ ያለ ከተማ ሰው በየት በኩልና በስንት ደቂቃ ሊያመልጥ እንደሚችል አስቀድሞ በነጻ ፕሮግራሞች መፈተን ይቻላል።

በመጀመሪያ መንገዶቹን ከኦፕንስትሪትማፕ (OpenStreetMap፣ በነጻ የሚገኝ የኢንተርኔት ካርታ)፣ የመሬቱን ከፍታ ከሳተላይት መረጃ ወስደው፣ ጎርፉ በየደቂቃው የሚኖረውን ጥልቀትና ፍጥነት በሄክራስ (HEC-RAS፣ የውሃን ፍሰት የሚያሰላ ፕሮግራም) ያስሉ። በነጻ የሚገኘው የከፍታ መረጃ በአብዛኛው በየ30 ሜትሩ የተወሰደ በመሆኑ የግንብ አጥርንና ጠባብ መተላለፊያን አያሳይም፤ እነዚህን በእግር ተዘዋውሮ መመዝገብ ግድ ነው።

ቀጥሎ ሰዎቹን በኔትሎጎ (NetLogo፣ እያንዳንዱን ሰው ለየብቻ አስመስሎ የሚያንቀሳቅስ ፕሮግራም) ያስፍሩ፤ ቀን በገበያ፣ ሌሊት በየቤታቸው። የአንድ ቤት ሰዎች በዝግተኛው እርምጃ አብረው ይሂዱ።

ከሁሉ በላይ ሊደከምበት የሚገባው፣ ብዙ ጊዜም ችላ የሚባለው፣ ሰው ከቤቱ እስኪወጣ የሚያልፈው ጊዜ ነው። ማስጠንቀቂያ የሰማ ሁሉ ወዲያው አይሮጥም፤ ጎረቤት ይጠይቃል፣ ልጆች ይቀሰቅሳል፣ ሰነድ ይፈልጋል። ጎርፉ በ20 ደቂቃ የሚደርስ፣ ከፍ ያለው ቦታ ደግሞ 600 ሜትር የሚርቅ ከሆነ፣ ልጆቿን ይዛ በሰከንድ 1 ሜትር የምትራመድ እናት መንገዱ ብቻ 10 ደቂቃ ይወስድባታል። ለመውጣት 15 ደቂቃ ከፈጀባት የመጨረሻውን 300 ሜትር የምትሄደው ውሃ ውስጥ ነው። ስለዚህ ለሁሉም አንድ ዓይነት የመዘግየት ጊዜ አይስጡ፤ ገሚሱ ቶሎ፣ ገሚሱ ዘግይቶ ይነሣ።

ውሃ ውስጥ የገባን ሰው እርምጃ ይቀንሱ፤ አደጋውን ለመለካትም የውሃውን ጥልቀት በሜትር፣ ፍጥነቱን በሜትር በሰከንድ ወስደው ያባዙ። በአውስትራሊያ መመሪያ መሠረት ብዜቱ ለልጆች ከ0.4፣ ለአዋቂዎች ከ0.6 ሲበልጥ አደጋው ይጨምራል፤ 40 ሳንቲሜትር ጥልቀት ያለው ውሃ በሰከንድ 1 ሜትር ሲፈስ ልጅ ወሰኑ ላይ ደርሷል ማለት ነው።

በመጨረሻም፣ ውጤቱ ባስኬዱት ቁጥር ስለሚለዋወጥ ሞዴሉን መቶ ጊዜ ያህል አስኪደው አማካዩንና የከፋውን ውጤት ይመዝግቡ፤ ከዚያም ማስጠንቀቂያውን በ10 ደቂቃ ማስቀደም ወይም አንድ መተላለፊያ መክፈት የቱ ብዙ ሰው እንደሚያተርፍ፣ አንዱን ብቻ እየለወጡ ያነጻጽሩ። ጎርፉን ያዩ የሰፈር ሽማግሌዎች «በዚህ በኩል ማለፍ አይቻልም ነበር» ያሉትን መንገድ ሞዴሉ ክፍት ካደረገው፣ ወደ ከፍታው መረጃ ተመልሰው ያርሙ።