ብሩ አለቀ፣ ቤቱ አላለቀም፦ የቤት እድሳት ችግሮችና መፍትሄያቸው

አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ሰው ቤቱን የሚያድሰው ቀን ተቆርጦለት ነው። እንቁጣጣሽ ደረሰ፣ ሠርግ አለ፣ ልጅ ክርስትና ሊነሳ ነው። ቀኑ ሲቀርብ እንግዳ የሚያየው ነገር ይቀድማል፦ ቀለም፣ ኮርኒስ፣ መጋረጃ። ጣሪያውና የውሃ መውረጃው "በኋላ ይደርሳል" ተብሎ ይታለፋል። ብዙውን ብር የሚበላውም ይሄ ነው። ስለዚህ ከውሃ እንጀምር።

ቀለሙ ዓመት ሳይሞላው ከግድግዳው ሥር ይላጣል

የእናቴ ሳሎን እንዲህ ነበር። ለእንቁጣጣሽ ተቀባ፤ በሚቀጥለው ክረምት ከወለሉ እስከ ጉልበት ከፍታ ድረስ አበጠ። በጣት ስትጫኑት ይሰነጠቃል። ልጣጩን ስታነሱት ከሥሩ እንደ ጨው የነጣ ዱቄት ጣታችሁ ላይ ይቀራል። ቀቢው "ቀለሙ ርካሽ ስለሆነ ነው" አለን። ውዱን ገዛን። በዓመቱ ያው ሆነ።

ያ ነጭ ዱቄት በእርግጥም ጨው ነው። ውሃ በግድግዳው ውስጥ ሲያልፍ ከአፈሩና ከሲሚንቶው ጨው ያሟሟል። ፊት ላይ ሲደርስ ውሃው ይተናል፣ ጨው ይቀራል፣ ቀለሙን ከውስጥ ይገፋዋል። ታዲያ የትኛውም ቀለም ቢሆን ይህን አይችለውም።

መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደሚመጣ እወቁ። አንድ ክንድ በአንድ ክንድ የሚሆን ላስቲክ ቁረጡና አራቱንም ጎን በሚጣበቅ ፕላስተር ግድግዳው ላይ አሽጉት። ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ተመልከቱት። ጤዛው ከላስቲኩ ጀርባ፣ በግድግዳው በኩል ከሆነ እርጥበቱ ከግድግዳው ነው። ጤዛው ፊት ለፊት ከሆነ ግን የክፍሉ አየር ነው፦ የምግብ እንፋሎት፣ የታጠበ ልብስ፣ ያልተከፈተ መስኮት። ይህኛው ብዙ ብር አይጠይቅም፤ አየር ማናፈስ ነው።

ከግድግዳው ከሆነ ጃንጥላ ይዛችሁ ዝናብ ላይ ግቢ ውጡ። እውነቱ የሚታየው ያኔ ነው። እኛ ቤት አሸንዳው መጋጠሚያው ላይ ተበልቶ ውሃው ልክ ከሳሎኑ ግድግዳ ሥር ይወርድ ነበር። በዚያ ላይ የግቢው ሲሚንቶ ሲፈስ ወደ ቤቱ አዘንብሏል። የጣሪያው ውሃ በሙሉ ወደ መሠረቱ ይሄድ ነበር ማለት ነው። ሁለት ዓመት ቀለም ስንገዛ ይህን ያየልን ሰው አልነበረም፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

ማስተካከያው በዚህ ተራ ይሂድ። አሸንዳውና መውረጃ ቱቦው መጀመሪያ። ቀጥሎ ግቢው፦ ከቤቱ እየራቀ በ1 ሜትር 2 ሳንቲሜትር ያህል ዝቅ ይበል። ግድግዳው ሥር የተከመረ አፈር ካለ ከቤቱ ወለል ቢያንስ 15 ሳንቲሜትር ዝቅ እስኪል ይነሳ። ከዚያ የተበላሸው ልስን ከእርጥበቱ መስመር ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይፈልፈል። ግድግዳው በጋውን ይድረቅ። አዲስ ልስን፣ ከዚያ ቢያንስ 4 ሳምንት ጠብቆ ቀለም። ቤቱ ጭቃ ከሆነ ደግሞ ሥሩን በሲሚንቶ ልስን ማሸግ እርጥበቱን ከነእንጨቱ ያፍነዋል። እንዲህ ያለ ቤት የሚድነው ውሃውን ከውጭ በማራቅ ነው።

ብሩ በግማሽ መንገድ ያልቃል

"ለአንድ ክፍል ይህን ያህል" ተብሎ የተሠራ ግምት ሁሌም ያንሳል። የሚገዛው በካሬና በሊትር ነው፣ ግምቱም እንደዚያ ይሁን። ሜትር ያዙ፣ ደብተር ክፈቱ።

ክፍሉ 4 በ3.5 ሜትር፣ ቁመቱ 2.8 ሜትር ነው እንበል። ዙሪያው 15 ሜትር ነው። በቁመቱ ሲባዛ 42 ካሬ ይሆናል። በርና መስኮቱ ሲቀነስ 38 ካሬ ገደማ ይቀራል። ሁለት እጅ ሲቀባ 76 ካሬ። ለስላሳ ግድግዳ ላይ 1 ሊትር ቀለም 10 ካሬ ያህል ይሸፍናል። ስለዚህ 8 ሊትር ይበቃል። "6 ጋሎን አምጡ" ሲሏችሁ ይህን ገጽ አሳዩ።

ሴራሚክም እንደዚሁ። ወለሉ 14 ካሬ ነው፤ ለቁርጥራጭና ለስብራት 10 በመቶ ጨምሩ፣ 15.4 ካሬ። 60 በ60 የሆነው አራት አራት ታሽጎ ከመጣ አንድ ካርቶን 1.44 ካሬ ነው። 11 ካርቶን ትገዛላችሁ። ሁሉም ካርቶን ላይ የተጻፈው የምርት ቁጥር አንድ መሆኑን እዚያው ሱቅ ውስጥ አረጋግጡ። ቁጥሩ ከተለያየ ቀለሙም ትንሽ ሊለያይ ይችላል፤ ወለል ላይ ሲነጠፍ ደግሞ ያስታውቃል።

ሁለተኛው ቀዳዳ ደብተር ላይ የማይገቡት ወጪዎች ናቸው። የመኪና ኪራይ፣ የጫኝና አውራጅ፣ የፍርስራሽ ማንሻ፣ የሠራተኛ ሻይና ምሳ። ዋጋ ስትጠይቁ "ከነቫት ነው?" ማለት አትርሱ፤ 15 በመቶ ቀላል አይደለም።

ሦስተኛው የዋጋ መቀያየር ነው። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ላይ የጥር ዋጋ ለግንቦት አይሠራም። ቧንቧ፣ የሽንት ቤት መቀመጫ፣ የኤሌክትሪክ ገመድ፣ ሴራሚክ፦ ማስቀመጫ ቦታ ካላችሁ ቀድማችሁ ግዙ። ሲሚንቶ ግን ለወራት አታከማቹ፤ እርጥበት ስቦ ይደርቃል።

መጠባበቂያ ያዙ። እኔ ለአዲስ ቤት 15 በመቶ፣ ለአሮጌ ቤት 25 በመቶ እላለሁ። አሮጌ ግድግዳ ሲፈለፈል ምን እንደሚወጣ ማንም አያውቅም። መጠባበቂያው ከሌለ ሥራውን አሳንሱት፦ ሦስት ክፍል በግማሽ ከማደስ አንዱን መጨረስ ይሻላል።

ባለሙያው ቅድሚያ ከወሰደ በኋላ ስልክ አያነሳም

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ክፍያው ከሥራው መቅደሙ ነው። ግማሹን ብር ከወሰደ ሌላ ሥራ ጀምሮ በሁለት ቤት መሀል ይመላለሳል። መፍትሄው መጨቃጨቅ ሳይሆን አከፋፈሉን መቀየር ነው። ዕቃውን ራሳችሁ ግዙና የእጅ ዋጋውን ብቻ ተዋዋሉ። ሥራውን በደረጃ ከፋፍሉት፤ ደረጃው አልቆ ስታዩ ክፈሉ። ለአሸንዳና ለጣሪያ ሥራ የመጨረሻዋን 10 በመቶ አንድ ጠንካራ ዝናብ እስኪያልፍ ያዟት፤ ይህንም ከመጀመሪያው ውሉ ላይ ጻፉት። የመታወቂያ ቅጂና ምስክር ያለው አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል።

ገንዘቡ የሚመጣው ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ከሆነ ጉዳዩ ይከብዳል፣ ምክንያቱም እዚህ ያለው ወንድም ወይም አክስት ሥራውንም ባለሙያውንም ይሸከማል። ላኪው በአንዴ ባይልክ ጥሩ ነው። አንድ ደረጃ ሲያልቅ ሜትር ግድግዳው ላይ ተዘርግቶ በቪዲዮ ይታይ፣ ከዚያ የሚቀጥለው ይላክ። ይህ ዘመድን አለማመን አይደለም። ዘመዱንም ከሐሜት ያድነዋል።

አዲሱ ሴራሚክ ተሰብሮ ቧንቧ ይጠገናል

ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። ትክክለኛው ይህ ነው፦ ጣሪያ፣ ከዚያ በግድግዳ ውስጥ የሚያልፍ ቧንቧና የኤሌክትሪክ ገመድ፣ ልስን፣ ኮርኒስ፣ ወለል፣ በመጨረሻ ቀለም። ቧንቧው ከመሸፈኑ በፊት ውሃ ተሞልቶ ይደር። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የውሃው ቀን ሳያልፍ አትልሰኑ፣ ባለሙያው ቢቸኩልም። ከመሸፈኑ በፊት ሜትር አጠገቡ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱት። ከዓመታት በኋላ መደርደሪያ ለመስቀል ስትበሱ ያ ፎቶ ቧንቧውን ያተርፈዋል። ከሴራሚኩም አንድ ካርቶን አልጋ ሥር አስቀምጡ፤ ያ ዓይነት ኋላ ገበያ ላይ ላይገኝ ይችላል።

ወረዳው ሥራውን ያስቆመዋል

ቀለምና ልስን ሌላ ነው፤ ክፍል መጨመር፣ አጥር መቀየር ወይም ግድግዳ ማፍረስ ሌላ ነው። ከመቆፈራችሁ በፊት ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ ወረዳ ሄዳችሁ ጠይቁ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ደግሞ አምድና ቢም (አግዳሚው ተሸካሚ ኮንክሪት) በምንም ሰበብ አይነካ። ከላይ ያለው ጎረቤት የቆመው በእሱ ላይ ነው።

የግቢው ኮንክሪት ይሰነጠቃል

እዚህ ሦስት ጥፋት አብሮ ይመጣል። ለመግፋት እንዲቀል ውሃ ይበዛበታል። ሥሩ ያለው አፈር ሳይጠቀጠቅ ይፈስበታል። ከፈሰሰ በኋላ ደግሞ ፀሐይ ላይ ይተዋል። ድብልቁ 1 እጅ ሲሚንቶ፣ 2 እጅ አሸዋ፣ 3 እጅ ጠጠር ይሁን፤ ውፍረቱ 10 ሳንቲሜትር፤ በየ3 ሜትሩ ኮንክሪቱን የሚከፋፍል መስመር። ቢያንስ 7 ቀን ውሃ ይጠጣ። የውጭ ሥራ ክረምቱ ከወጣ በኋላ፣ ከጥቅምት ጀምሮ ይሁን፤ የክረምቱን ወራት ለውስጥ ሥራ ተዉት።

የእናቴን ግቢ እንደገና ያፈሰስነው በኅዳር ነበር። ተዳፋቱን በውሃ ልክ ሁለት ጊዜ ለካን። ኮንክሪቱን ጆንያ አለበስነው። እናቴ ጠዋትና ማታ በጆግ እየዞረች ጆንያውን ታርስ ነበር፤ ሰባቱ ቀን ሲያልቅ "ሦስት ቀን ጨምሩለት" አለች። ሳሎኑን የቀባነው ከዚያ ሁሉ በኋላ፣ በመጋቢት ነው። ቀለሙም ያው መጀመሪያ የገዛነው ርካሹ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁለት ክረምት አልፏል፤ በሁለቱም ነሐሴ ላይ ሄጄ የግድግዳውን ሥር በእጄ ዳሰስኩት። ደረቅ ነው።