ያልመጣ ሰው አልታመመም ማለት አይደለም፦ የማህበረሰብ ጤና ሲገመገም ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የአንድን ቀበሌ ጤና ለመገምገም የሚወጣ ሰው ብዙውን ጊዜ ቅን ነው። መጠይቁን ይይዛል፣ በር ያንኳኳል፣ ቁጥር ይዞ ይመለሳል። ችግሩ ቁጥሩ ማንን እንደያዘና ማንን እንደተወ አለመጠየቁ ላይ ነው። የተተወ ሰው እቅድ ውስጥ አይገባም፣ በጀትም አይያዝለትም። ባህር ዳርና የጣና ዳርቻ ይህን በደንብ ያሳያሉ። የምጽፈው በተለይ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ መስክ ለሚወጡ የጤና ተማሪዎችና ለቀበሌና ለእድር ኃላፊዎች ነው።

የጤና ጣቢያውን መዝገብ የሕዝቡ ጤና አድርጎ መውሰድ

መዝገቡ የሚነግረን ማን እንደመጣ ብቻ ነው። ያልመጣ ሰው አልታመመም ማለት አይደለም። አንዱ መጀመሪያ ጸበል ይሄዳል። ሌላው ከመድኃኒት ቤት ኪኒን ገዝቶ ይውጣል። አንዷ እናት ቤት ውስጥ ልጆቿን የሚይዝላት አጥታ ትቀራለች። የጤና መድን መታወቂያውን ያላሳደሰ አባወራ ደግሞ ወጪውን እያሰበ ዛሬ ነገ ይላል።

ቢልሃርዝያን፣ ውሃ ውስጥ በቆዳ የሚገባ ትል የሚያመጣውን በሽታ፣ እንይ። ጣና ዳር ያደገ ልጅ ሐይቁ ውስጥ ይዋኛል፣ ከብት ያጠጣል፣ ውሃ ይቀዳል። ሰገራው ላይ ደም ቢያይ ለእናቱ ላይናገር ይችላል። ቢናገርም «የሆድ ነገር ነው፣ ይተውሃል» ተብሎ ይታለፋል። የአንጀት ቢልሃርዝያ የሚጎዳው ቀስ እያለ ነው። ለዓመታት ሳይታከም ሲቆይ ጉበትን ይጎዳል፣ ሆድ ውስጥ ውሃ ይቋጠራል፣ ደም እስከማስመለስም ያደርሳል። እንዲህ ያለው ሰው መዝገብ ላይ የሚገባው ያኔ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ዓመታት በሙሉ ለመዝገቡ ባዶ ናቸው።

ስለዚህ ከመዝገቡ ጎን ሌላ ምንጭ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የሚረሳው እድርን ነው። በየሰፈሩ ማን እንደሞተ፣ በስንት ዓመቱና ምን ያህል ታሞ እንደነበር የእድሩ ጸሐፊና ዳኛ ያውቃሉ። ሞት በወጉ በማይመዘገብበት አገር ይህ ትልቅ እውቀት ነው። እድርም ግን የማያየው ሞት አለ። አራስ ሕፃን ሲሞት ብዙ ጊዜ ድንኳን አይተከልም፣ ጡሩምባም አይነፋም። ያንን የምታውቀው የቅርብ ጎረቤት ናት። ሄዳችሁ፣ አጠገቧ ተቀምጣችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ጠይቋት።

ወሩንና ቀኑን ሳያዩ መቁጠር

በየካቲት ወይም በመጋቢት ቤት ለቤት የዞረ ቡድን «ወባ ቀንሷል» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ጣና ያለበት ከፍታ 1,800 ሜትር ግድም ነው። ይህ ለወባ ትንኝ ይመቻል። ወባ የሚበረታው ክረምቱ ወጥቶ ያቆረው ውሃ ትንኝ ሲያራባ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ነው። ስለዚህ የዘንድሮ የካቲት የሚነጻጸረው ካቻምና ወይም አምና ከነበረው የካቲት ጋር ነው፣ ከጥቅምት ጋር አይደለም።

ቀኑም ይታሰብበት። በሥራ ቀን ረፋድ ላይ ቤት የሚገኙት ሴቶች፣ ሕፃናትና አዛውንት ናቸው። ገበሬው ማሳ ላይ ነው። በበዓል ቀን ግን፣ ሚካኤልም ሆነ ማርያም፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤተሰቡ ቡና ላይ ይገናኛል። ያን ሰዓት መምረጥ ብዙ ነገር ያስተካክላል።

ሁልጊዜ የሚጠሩትን ብቻ መጥራት

ቀበሌ ስብሰባ ሲጠራ የሚመጣው ሰው የታወቀ ነው። የሚናገረውም እንደዚያው። ሴቶች ከኋላ ይቀመጣሉ፣ ሲጠየቁም «የተባለው ጥሩ ነው» ብለው ያልፋሉ። ለብቻቸው ቡና ላይ ስታገኟቸው ግን ሌላ ወሬ ነው የምትሰሙት።

በባህር ዳር ብዙ ጊዜ ከቆጠራው ጠርዝ የሚቀሩ አሉ። ሌሊት መረብ ጥሎ ቀን የሚተኛ ዓሣ አጥማጅ፣ አንድ ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ የቀን ሠራተኞች፣ ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ። ነገደ ወይጦ ደግሞ በዚህ ሐይቅ ዳር የኖሩ፣ ከደንገል ታንኳ የሚሠሩ ሕዝብ ናቸው። ለዘመናት ተገልለው ኖረዋል። የከተማዋ አማካይ ቁጥር ጥሩ ሲመስል የእነሱ ሰፈር ምን እንደሚመስል ለብቻው ካልታየ ግምገማው ጎዶሎ ነው። በእኔ እምነት አማካይ ቁጥር ብቻውን መቅረብ የለበትም። ቀበሌ በቀበሌ፣ ከተቻለም ሰፈር በሰፈር ይቀመጥ።

የተገነባውን ቆጥሮ የሚሠራበትን አለመጠየቅ

«ሽንት ቤት አለ?» «አለ።» ምልክት ይደረጋል፣ ወደ ቀጣዩ ጥያቄ ይኬዳል። ጣና ዳር ያለውን የፎገራንና የደንቢያን ሜዳ የሚያውቅ ሰው ግን እዚህ ላይ ይቆማል። መሬቱ ለጥ ያለ ነው፣ አፈሩ ዋልካ ነው። በክረምት ውሃው ከሥር ይመጣል፣ ጉድጓዱ ይሞላል፣ ግድግዳው ይናዳል። በ1998 ዓ.ም ክረምት እንደደረሰው ያለ ጎርፍ ሲመጣ ደግሞ በጉድጓዱ የነበረው ሁሉ ሜዳ ላይ ይወጣል።

አንዲት አዛውንት ለጤና ኤክስቴንሽኗ እንዲህ ቢመልሱላት ልክ ናቸው፦ «አንቺ ልጅ፣ ነሐሴ ላይ ነይና እዪው።» ይህ ስንፍና አይደለም። ቦታው የሚፈልገው ሌላ አሠራር ነው፦ ከፍ ባለ መደብ ላይ የተሠራ፣ ውስጡ እንዳይናድ የተደገፈ ጉድጓድ። ስለዚህ ጥያቄው ይለወጥ። «ትናንት ማን ተጠቀመበት? ሕፃናቱ የት ይጸዳዳሉ? ክረምት ላይስ?» ከተቻለ ራሳችሁ ገብታችሁ እዩ፣ የእጅ መታጠቢያው ላይ ውሃና ሳሙና መኖሩንም ጭምር።

የአልጋ አጎበርም እንዲሁ ነው። ቤት ውስጥ መኖሩ አንድ ነገር ነው፣ ማታ ማን ከሥሩ እንደተኛ ሌላ ነው። ሌሊት ሰብል የሚጠብቅ ሰው ደግሞ ከሁለቱም ውጭ ነው።

መድኃኒት ሰጥቶ ምንጩን መተው

ለቢልሃርዝያ በትምህርት ቤት የሚሰጠው ፕራዚኳንቴል ጥሩ መድኃኒት ነው። አድጎ ሰውነት ውስጥ ያለውን ትል ይገድላል። ዳግም ከመያዝ ግን አይከላከልም። ልጁ ኪኒኑን ውጦ በሳምንቱ እዚያው ውሃ ውስጥ ከገባ እንደገና ይያዛል። የትሉ እንቁላል በሰገራ ወጥቶ ውሃ ውስጥ ይገባል፣ ቀንድ አውጣ ውስጥ ይራባል፣ ከዚያ ወጥቶ በሰው ቆዳ ይገባል። ሰንሰለቱ የሚበጠሰው ሰገራ ሐይቁ ውስጥ እንዳይገባ ሲደረግና ሰው ሌላ የውሃ አማራጭ ሲያገኝ ነው።

ትምህርት ቤት የማይሄደው እረኛስ? ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ መረብ የሚጎትተውስ? ፎገራ ላይ ውሃ በተኛበት ማሳ ሩዝ የሚያርመውስ? የትምህርት ቤቱ ዘመቻ እነዚህን አያገኛቸውም።

የምናውቀውን በሽታ ብቻ መፈለግ

ከጣና በስተምሥራቅ ባለው ሊቦ ከምከም ወረዳ የሆነው አይረሳም። ሰዎች ትኩሳት ይዟቸው ሳይለቅ ይቀራል፣ ይከሳሉ፣ ሆዳቸው ያብጣል፣ ይሞታሉ። ወባ ነው ተብሎ የወባ መድኃኒት ተሰጠ፣ አልሠራም። በ1997 ዓ.ም ነው ካላዛር፣ ማለትም በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ በሽታ፣ መሆኑ የታወቀው። ካላዛር የቆላ በሽታ ነው ተብሎ ይታሰብ ስለነበር ደጋው ላይ የጠበቀው አልነበረም። ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሁመራና መተማ ወርደው የሚመለሱ ወጣቶች ግን በየዓመቱ ነበሩ።

መጠይቁ ላይ ያለው ዝርዝር የሚይዘው የምናውቀውን ነው። አንድ ባዶ መስመር ይኑረው፦ «ዘንድሮ ሰፈራችሁ ውስጥ ያልለመዳችሁት ሕመም አለ? ታክሞ ያልዳነስ?» መልሱን ደግሞ ለጤና ጣቢያው በዚያው ሳምንት ንገሩ።

ሁሉንም በአንድ ዓመት ልሥራ ማለት

አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ክትባቱን፣ እርግዝናውን፣ ወባውን፣ ንጽህናውን፣ የቤተሰብ ማህደሩን ሁሉ ትሸከማለች። አሥራ አምስት ነገር ቅድሚያ ይሰጠው የሚል እቅድ ለእሷ እቅድ አይደለም። ሁለት ወይም ሦስት ይመረጥ፣ ምርጫውም ከነዋሪው ጋር ይሁን።

ውጤቱን ይዞ መጥፋት

ሰው ቤቱን ከፍቶ፣ የልጁን ሞት ሳይቀር ነግሮ፣ ወረቀቱ ወዴት እንደሄደ ሳይሰማ ይቀራል። ቀጣዩ ቡድን ሲመጣ «ባለፈውም ጽፋችሁ ነበር» ቢል እውነቱን ነው። ውጤቱ በአንድ ገጽ፣ በቀላል አማርኛ፣ ጤና ኬላው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ማንበብ ለማይችሉ በእድር ቀን ይነበብ። የተገኘው ምንድን ነው፣ ዘንድሮ የሚሠራው የቱ ነው፣ የማይሠራውስ ለምን፣ ኃላፊው ማን ነው፣ በስንተኛው ወር ተመልሶ ይታያል። «በዚህ ዓመት የሽንት ቤቱን መደብ እናስተካክላለን፣ የቧንቧ ውሃው ግን ከቀበሌው አቅም በላይ ስለሆነ ለወረዳው ጽፈናል» ተብሎ በግልጽ ቢነገር ሰው ይረዳል። የእድሩ ዳኛም ወረዳው ምን እንደመለሰ በሚቀጥለው ስብሰባ ይጠይቃል።