«መምህር፣ ሶፍትዌሩ ተበላሽቷል!»

ደሴ ላይ የዲግሪ ተማሪዎችን ሥነ ጽሑፍና ታሪክ በኮምፒውተር ሳስተምር በየሳምንቱ የምሰማው ጩኸት ይሄ ነው። ሶፍትዌሩ አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው። ያስቸገረን እኛ ያስገባንለት ነገር ነው።

ቃሉ እያለ አይገኝም

ተማሪዎች ተከፋፍለው መንዙማ ከድምፅ ወደ ጽሑፍ ገለበጡ። አንትኮንክ በሚባለው የቃል መፈለጊያ ሶፍትዌር ላይ «ፀሐይ» ብለው ፈለጉ። ጥቂት ብቻ ወጣ። በዓይናችን ስንቆጥር ግን ብዙ ነው። ጥፋቱ የሞክሼ ሆሄያት ነው። አንዱ ፀሐይ፣ ሌላው ጸሀይ፣ ሦስተኛው ጸሃይ ብሎ ጽፏል። ለጆሯችን አንድ ነው፤ ለማሽኑ ሦስት ቃል።

መጀመሪያ ፋይሉን ኮፒ አድርጉ። ከዚያ ኮፒው ላይ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ፀን ወደ ጸ፣ ዐን ወደ አ ከነዘራቸው ቀይሩ። ሃንም ወደ ሀ፣ ኣንም ወደ አ መልሱ። ዋናውን ግን እንዳትነኩ! ሠዓሊ ሥዕል የሚሥለው ነው፤ «ሰአሊ ለነ» ስንል ደግሞ ለምኝልን ማለታችን ነው። አንዴ ከተቀላቀሉ ማን ይለያቸዋል?

«ወሎ» ብላችሁ ስትፈልጉም የወሎ፣ ከወሎና ወሎዬ ያመልጣሉ። ከፊትም ከኋላም ኮከብ አድርጉ፦ *ወሎ*። የማይፈለግም አብሮ ይመጣል፤ እሱን በእጅ መልቀም ነው።

ጽሑፉ የላቲን ዝባዝንኬ ሆኖ ይከፈታል

ከዩኒኮድ (ለሁሉም ኮምፒውተር አንድ ከሆነው የፊደል ኮድ) በፊት በነበረ ፎንት የተጻፈ የድሮ ጥናት ነው። መቀየሪያ ካገኛችሁ ቀይሩት፤ ካጣችሁ እንደገና መተየብ ነው። ምን ይደረግ።

ደሴ ባሕር ውስጥ ገባች

አንዱ ካርታ ሠርቶ ከተማችንን ከሰርዲኒያ በስተምሥራቅ ሜዲትራኒያን ላይ አስቀመጣት። ክፍሉ በሙሉ «ደሴማ ደሴት ሆነች» ብሎ ሳቀ። ኬክሮስና ኬንትሮስ ተገለባብጠው ነው። ደሴ ወደ 11.1 ሰሜን፣ 39.6 ምሥራቅ ናት። የሁለቱን ዓምዶች ስም አስተካክሉ፣ ትመለሳለች።

ሰገሌ ሁለት ጊዜ ተዋጋ

የንጉሥ ሚካኤል ጦር የተሸነፈበት የሰገሌ ጦርነት በጊዜ መስመሩ ላይ 1909ም 1916ም ላይ ወጣ። አንዱ ተማሪ በእኛ፣ ሌላው በፈረንጅ አቆጣጠር አስገብተውት ነው። ሠንጠረዡ ላይ ለሁለቱ ዘመን የየራሳቸው ዓምድ ስጡ። ከእኛ ወደ ፈረንጅ ስትቀይሩ «ስምንት ጨምር» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ የሚጨመረው 7 ነው፤ ከዚያ በኋላ 8። ሰገሌ ጥቅምት 17 ስለሆነ 7 ነው።