ጆይስቲክ ከመቀየራችሁ በፊት፦ ማንም የማይነግራችሁ የጌም ሴቲንጎች

ድሮ የጌም ሲዲ ሲገዛ ከውስጡ ትንሽ መጽሐፍ ይወጣ ነበር። የትኛው ቁልፍ ምን እንደሚሠራ፣ የት ገብታችሁ ምን እንደምትቀይሩ እዚያ ላይ ታገኙታላችሁ። አሁን ያ ቀርቷል። ዲስኩን ታስገባላችሁ፣ አፕዴቱ ይጎተታል፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ጨዋታ። እኛ ጋ ደግሞ አብዛኛው ሰው ጌም የተማረው ጌም ቤት ቆሞ የሌላውን ጣት እያየ ነው። ደሴ ፒያሳም ግቡ ኮምቦልቻ፣ ወንበር ይዞ የሚጫወተው ሁለት ቢሆን ከኋላ ቆሞ የሚያሠለጥነው አምስት ነው። በዚህ መንገድ ጎል ማግባት ይለመዳል። ሴቲንግ ግን አይለመድም፤ ሴቲንግ የከፈተ ልጅ ላይ ባለቤቱ «አንተ! አትነካካው!» ብሎ ይጮህበታላ።

እዚህ በብዛት የማየው ፕሌይስቴሽን 4 ስለሆነ ዋናው ወሬ በሱ ላይ ነው። 5ቱ የሚለይበት ቦታ ሲደርስ እናገራለሁ። መጨረሻ ላይ ስልክ አለ።

መጀመሪያ ቲቪው

«ጆይስቲኩ ይዘገያል» ሲሉኝ መጀመሪያ የምጠረጥረው ጆይስቲኩን አይደለም። የዛሬ ቲቪ ምስሉን ከማሳየቱ በፊት ያስውበዋል፤ ቀለሙን ያደምቃል፣ እንቅስቃሴውን ያለሰልሳል። ለፊልም ጥሩ ነው። ለጌም ግን ያ ሁሉ ሥራ ጊዜ ይበላል፣ አንዳንዱ ቲቪ ላይ ከ100 ሚሊ ሰከንድ በላይ። በሰከንድ 60 ምስል በሚያሳይ ጌም አንዱ ምስል የሚቆየው 17 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ሹት ከተጫናችሁ በኋላ ስድስት ምስል አልፎ ነው ተጫዋቹ ሲመታ የምታዩት። ተከላካዩ እስከዚያ ደርሷል።

በቲቪው ሪሞት ሜኑ ክፈቱ። «ፒክቸር» ውስጥ ግቡና «ፒክቸር ሞድ» የሚለውን «ጌም» አድርጉት። በቃ። «ጌም» የሚል ምርጫ ከሌለ ፕሌይስቴሽኑ የተሰካበትን የኤችዲኤምአይ መግቢያ ስሙን «ፒሲ» ማድረግ አንዳንድ ቲቪ ላይ ያንኑ ሥራ ይሠራል። ቀለሙ መጀመሪያ ላይ የደበዘዘ ይመስላችኋል፣ ትለምዱታላችሁ። ብዙ ቲቪ ይህን የሚይዘው ለአንዱ መግቢያ ብቻ ስለሆነ ገመዱን ወደ ሌላ ቀዳዳ ካዛወራችሁ እንደገና ማስተካከል ነው።

ከዚያ ጆይስቲኩ

አር 2 (ከፊት በቀኝ በኩል ያለው የታችኛው ቁልፍ) እምቢ ያለው ጆይስቲክ «ሞቷል» ተብሎ መሳቢያ ውስጥ ይወረወራል። ፊፋ ላይ ሩጫው አር 2 ስለሆነ እሱ ከሌለ ጨዋታ የለም፣ እውነት ነው። ግን አንድ ቁልፍ ስለሞተ ሁሉም አልሞተም። ይህን ሞክሩ፦

1. «ሴቲንግስ» ውስጥ «አክሰሲቢሊቲ» የሚለውን ክፈቱ። አካል ጉዳተኞች እንዲመቻቸው ተብሎ የተሠራ ክፍል ነው፤ ብዙ ሰው «እኔን አይመለከተኝም» ብሎ ያልፈዋል። ጥሩ ጥሩው ነገር ያለው ግን እዚያ ነው።
2. «በተን አሳይመንትስ» ግቡና ማብሪያው ላይ የራይት ምልክት (✓) አድርጉ።
3. ከሥሩ «ከስተማይዝ» የሚለውን ከፍታችሁ የተበላሸውን ቁልፍ በደህናው ቀይሩት።

የትኛውን ቁልፍ እንደምትሠዉ እንደ ጨዋታው ነው። ፊፋ ላይ እኔ ብሆን ብዙ የማልጠቀምበትን እሰጣለሁ። ጌም ቤት ከሆናችሁ ግን ስትነሱ ወደ ቦታው መልሱት፤ አለበለዚያ ቀጥሎ የሚቀመጠው ልጅ ያብዳል።

ጆይስቲኩ ጭራሽ አልገናኝም ካለ ደግሞ ገልብጡት። ጀርባው ላይ፣ በኤል 2 በኩል ካለው ብሎን አጠገብ፣ የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ አለች። ፕሌይስቴሽኑን አጥፉ፣ በሲም ማውጫ ፒን ውስጡ ያለችውን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጭናችሁ ያዙ፣ ከዚያ በዩኤስቢ ሰክታችሁ መሃል ያለውን የፒኤስ ቁልፍ ተጫኑ። ብዙ ጊዜ ይነሳል። እዚህ ላይ ሰው የሚሸወደው በገመዱ ነው፦ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ፣ ዳታ የማያስተላልፍ ገመድ ብዙ አለ። መብራቱ በርቶ ጆይስቲኩ ካልተገናኘ ገመድ ቀይሩ።

አንድ ክፍል ውስጥ አምስት ስድስት ፕሌይስቴሽን ሲደረደር ደግሞ ብሉቱዙ ይጨናነቃል። «ዲቫይስስ»፣ «ኮንትሮለርስ» ውስጥ «ኮሚዩኒኬሽን ሜተድ» የሚል አለ፤ «ዩዝ ዩኤስቢ ኬብል» አድርጉት። ጆይስቲኩ በገመዱ ብቻ ይነጋገራል። ይህ የሚሠራው ከ2016 ወዲህ በወጣው ሞዴል ነው፣ ያ የፊት መብራቱ በጣት በሚነካው ሰሌዳ (ተችፓድ) ላይ እንደ ቀጭን መስመር የሚታየው። እዚያው ገጽ ላይ የመብራቱን ድምቀት «ዲም» ብትሉት ባትሪው ትንሽ ይቆይላችኋል።

«ኦፍሳይድ ነበር!» «ወላሂ አልነበረም!»

ይህን ለመፍታት መጣላት አያስፈልግም። ፕሌይስቴሽን 4 የመጨረሻዎቹን 15 ደቂቃዎች ሳትጠይቁት ሁልጊዜ እየቀዳ ነው። ነገሩ እንደተፈጠረ «ሼር» የሚለውን ቁልፍ ተጫኑ፣ ከዚያ ስኩዌር። ቪዲዮው ተቀመጠ ማለት ነው። «ካፕቸር ጋለሪ» ውስጥ ገብታችሁ ታዩታላችሁ፣ ወደ ፍላሽም ትገለብጡታላችሁ። 15 ደቂቃ ካነሰባችሁ በሼር ሴቲንግ እስከ 60 ደቂቃ ማሳደግ ይቻላል።

የፒኤስን ቁልፍ ተጭናችሁ ስትይዙት የሚከፈተው ትንሽ ሜኑም አለ፤ ድምፅ ማስተካከል፣ ጆይስቲክ ማጥፋት፣ ሁሉም እዚያ ነው። ፕሌይስቴሽን 5 ላይ ደግሞ ስልክ ሲደወል ሪሞት ፍለጋ አትሩጡ፤ ጆይስቲኩ ላይ ያለችውን የማይክ ማጥፊያ ተጭናችሁ ከያዛችኋት የቲቪው ድምፅ ራሱ ዝም ይላል።

ፊፋ ለሚጫወት

እዚህ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ግማሹ ክርክር የሚነሳው ከዚህ ነው። «ኮንትሮለር ሴቲንግስ» ውስጥ «ኦቶ ስዊቺንግ» የሚል አለ። ተከላካይ ልትቀይሩ ስትሉ ጌሙ ቀድሟችሁ ሌላ ሰው ከሰጣችሁ፣ እናንተም ኤል 1 ስትጫኑ ያንን አልፎ ሦስተኛ ሰው ከያዘ፣ ጥፋቱ የሱ ነው። «ማኑዋል» አድርጉት፤ ወይም በአየር ኳስ ጊዜ ብቻ እንዲቀይር። ከዚያ የቀኝ አናሎጉን ወደምትፈልጉት ተከላካይ አቅጣጫ ገፋ ማድረግ ልመዱ፤ ኤል 1 ደጋግሞ ከመደብደብ በጣም ይሻላል። መጀመሪያ ላይ ትቆጣላችሁ፣ ትሸነፋላችሁም። አንድ ሳምንት ታገሱ።

ከፊፋ 19 ጀምሮ የገባ «ታይምድ ፊኒሺንግ» የሚባል ነገርም አለ፦ ሹት ተጭናችሁ፣ እግሩ ኳሱን ሊነካ ሲል ደግማችሁ ከተጫናችሁ ምቱ የጠራ ይሆናል፣ ጊዜውን ከሳታችሁ ደግሞ ይበላሻል። ሹት ሁለቴ የመጫን ልማድ ያለው ሰው ይህ በርቶ ከሆነ ያለ ምክንያት ኳሱ ወደ ሰማይ ይሄድበታል። ያ እናንተ ከሆናችሁ ገብታችሁ አጥፉት።

በዚያው በፊፋ 19 «ሃውስ ሩልስ» የሚባል መጣ፤ «ኪክ ኦፍ» ውስጥ ተደብቆ ስላለ አይታይም። «ኖ ሩልስ» ብትሉ ፋውልም ኦፍሳይድም የለም። «ሄደርስ ኤንድ ቮሊስ» ላይ በጭንቅላትና በአየር ያልተመታ ጎል አይቆጠርም። «ሰርቫይቫል» ላይ ጎል ያገባው ቡድን ሰው ይቀነስበታል። አንዱ ጎበዝ ሌላው ጀማሪ ሲሆን የመጨረሻው ይበጃል፤ ጎበዙ ባገባ ቁጥር ሰው እያጣ ሜዳው ይስተካከላል።

መብራት ሲሄድ

ፕሌይስቴሽኑን «ሬስት ሞድ» ላይ ትቶ መውጣት ይመቻል፤ ስትመለሱ ካቆማችሁበት ይቀጥላል። ግን ጌሙ ቆሞ የሚጠብቃችሁ ሜሞሪ ላይ ነው፣ ሴቭ አልተደረገም። ብርቱካናማው መብራት በርቶ ሳለ ኤሌክትሪክ ከጠፋ ያልተቀመጠው ሁሉ ሄደ። መብራት በሚያስቸግርበት ሰሞን ሴቭ አድርጉና ሙሉ በሙሉ አጥፉት፤ ከሶኬቱም ንቀሉት፣ መብራቱ ሲመለስ ቮልቴጁ ስለማይታመን።

ሴቩን ወደ ፍላሽ መገልበጥ ነፃ ነው፣ ፕሌይስቴሽን ፕላስ (የሚከፈልበትን የሶኒ አገልግሎት) አይጠይቅም። «ሴቲንግስ»፣ «አፕሊኬሽን ሴቭድ ዳታ ማኔጅመንት»፣ ከዚያ በማሽኑ ውስጥ ያለውን ክፍል ከፍታችሁ «ኮፒ ቱ ዩኤስቢ» በሉ። ፍላሹ ፋት 32 ወይም ኤክስፋት ፎርማት የሆነ ይሁን። ፕሌይስቴሽን 5 ላይ ግን በዚህ መንገድ የሚገለበጠው የ4ቱ ጌሞች ሴቭ ነው፤ የራሱ ጌሞች ሴቭ ወደ ክላውድ የሚሄደው በፕላስ ነው።

መብራት ድንገት ሄዶ ሲመጣ ማሽኑ ከተንቀራፈፈ ወይም ጌሞች ከሜኑ ከጠፉ ለጠጋኝ ከመስጠታችሁ በፊት «ሴፍ ሞድ» ሞክሩ፦

1. ሙሉ በሙሉ አጥፉት።
2. የማብሪያውን ቁልፍ ተጭናችሁ ያዙ። አንዴ ጢጥ ይላል፤ አትልቀቁ። ሰባት ሰከንድ ገደማ ቆይቶ ሁለተኛ ጢጥ ሲል ልቀቁ።
3. ጆይስቲኩን በዩኤስቢ ሰክታችሁ የፒኤስ ቁልፉን ተጫኑ።
4. ቁጥር 5 «ሪቢልድ ዳታቤዝ» የሚለውን ምረጡ። ጌሞቹን አያጠፋም፣ ዝርዝራቸውን እንደገና ያደራጃል። ዲስኩ ከሞላ ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል።

ቁጥር 6 ግን አትንኩ! እሱ ሁሉንም ይጠርጋል። 5 እና 6 ላይና ታች ናቸው፣ በችኮላ የሚጫን ነገር አይደለም። እዚያው ቁጥር 2 ላይ ያለው «ቼንጅ ሬዞሉሽን» ደግሞ ማሽኑን ከደሴ ተሸክማችሁ፣ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ፣ ኮምቦልቻ ዘመድ ቤት ያለ የቆየ ቲቪ ላይ ስትሰኩት ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ከቀረ የሚያድናችሁ ነው። ኮምቦልቻ ከደረሳችሁ አይቀር ከግድግዳው ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ ከደሴ ይሞቃል፣ የኋላው መተንፈሻ ከታፈነ ፋኑ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮሃል።

ጂቲኤ 5 ላይም ሴቭ ለማድረግ ወደ ቤት መንዳት አያስፈልግም፤ ገጸ ባሕሪው የያዘው ስልክ ውስጥ «ክዊክ ሴቭ» የሚል ምልክት አለ። አንድ ሚሽን ሦስት ጊዜ ከከበዳችሁም ያንን ክፍል ዝለሉት ብሎ ይጠይቃችኋል። ዝለሉት፣ ማንም አያይም።

ስልክ

ፐብጂ (የተኩስ ጌሙ) ላይ ግራፊክሱን ከፍ ማድረግ ለፎቶ ነው። «ስሙዝ» ስታደርጉት የፍሬም ሬቱ ምርጫ ከፍ ይላል፣ የሚያዋጋው ደግሞ እሱ ነው። «ፒክ ኤንድ ፋየር» የሚለውን በ«ቤዚክ» ሴቲንግ ውስጥ አብሩት፤ ከግድግዳ ጀርባ አንገት አስግጎ መተኮስ የሚቻለው በሱ ነው። «ጋይሮስኮፕ» ስልኩን በማዘንበል ማነጣጠር ነው፤ ከከበዳችሁ ስኮፕ ስትከፍቱ ብቻ እንዲሠራ ማድረግ ይቻላል። የቁልፎቹን ቦታ ራሳችሁ ቀይሩ፣ የመተኮሻውን ቁልፍ ወደ ግራም ጨምሩ፣ ከዚያ ትሬይኒንግ ሜዳ ገብታችሁ ሰው በሌለበት ተለማመዱ።

በፒፒኤስኤስፒፒ (የፒኤስፒ ጌሞችን ስልክ ላይ በሚያጫውተው አፕ) ፔስ የተባለውን የኳስ ጌም የምትጫወቱ ደግሞ፣ ስልኩ ከተንቀራፈፈ «ግራፊክስ» ውስጥ «ሬንደሪንግ ሬዞሉሽን» የሚለውን ወደ 1 አውርዱት። «ሴቭ ስቴት» ይመቻል፣ ግን አፑ አፕዴት ሲሆን አልከፍትም ሊል ስለሚችል ጌሙ ራሱ ባለው ሴቭ ጎን ለጎን አስቀምጡ።

ዳታን በተመለከተ፦ ፕሌይ ስቶር ውስጥ ኦቶ አፕዴትን በዋይፋይ ብቻ አድርጉ። ፐብጂ ካርታዎቹን ለየብቻ ነው የሚያወርደው፤ የማትጫወቱበትን አታውርዱ፣ ያወረዳችሁትንም ሰርዙ። ብዙ ስልክ ጥሪና ሜሴጅ የሚከለክል «ጌም ሞድ»ም አለው፣ ስሙ እንደ ስልኩ ይለያያል። እናታችሁ ለመልእክት ልትጠራችሁ በምትችልበት ሰዓት ግን እሱን ባታበሩት ይሻላል።